2,147,483,647፦ የመጨረሻ ይሆናል የተባለው ብቸኛ ቁጥር

የ2030 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ማክሰኞ ይውላል። በዚያ ዕለት ማለዳ፣ ታቦታቱ ባደሩባቸው የባሕረ ጥምቀት ሥፍራዎች ምዕመናን ተሰብስበው ሳለ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥሩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ከቆጠራቸው ዳርቻ ላይ ይደርሳሉ። እነዚህ ሥርዓቶች ጊዜን የሚያውቁት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. የግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። በተጠቀሰችው ቅጽበት ድምሩ 2,147,483,647 ይሆናል። አንዲት ሰከንድ ስትጨመር ቆጣሪው ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጥና፣ ማስተካከያ ያልተደረገለት መሣሪያ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ብሎ ያነባል። ከጥምቀት ማለዳ ተነሥቶ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከአንድ ምዕት ዓመት ተኩል በላይ አስቀድሞ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ሊዮንሃርድ ኦይለር ቁጥሩ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ በማንም የማይካፈል መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1811፣ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎ ከዚህ ቁጥር የሚገኘው ፍጹም ቁጥር ከእንግዲህ በሰው ልጅ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ሆኖ እንደሚቀር ጻፈ። ምክንያቱም ነገሩ ለማወቅ ጉጉት ብቻ እንጂ ለአንዳች ጥቅም የማይውል ስለሆነ ከዚያ በላይ ለመፈለግ የሚደክም አይኖርም የሚል ነበር። ባርሎ ተሳስቷል። የስህተቱ ምንጭ ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ኦይለር ያደረገውን ማየት ያስፈልጋል።

ከአንድ ሳንቲም የሚነሣ ቁጥር

አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን 1 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8 እያለ በየቀኑ የትናንቱን እጥፍ ለ31 ቀናት ቢያጠራቅም በመጨረሻ ስንት ይኖረዋል? መልሱ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው፤ በሳንቲም ሲቆጠር 2,147,483,647 ማለት ነው። ይህም 31 ሁለቶች ተባዝተው ከሚገኘው ውጤት አንድ የተቀነሰለት፣ በአጭር አጻጻፍ 2³¹ − 1 ነው። ከላይ የምትጻፈዋ 31 «አርቢ» ትባላለች።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ገንዘቡን አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳትተርፍ ለተወሰኑ ሰዎች በእኩል ማካፈል ይቻላልን? ለሦስት ሰዎች ቢካፈል አንድ ሳንቲም ይተርፋል። ለሰባትም አንድ ይተርፋል። ኦይለር ያረጋገጠው፣ የሰዎቹ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን፣ ሁሉንም ለአንድ ሰው ከመስጠት ወይም ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሳንቲም ከማደል በቀር ገንዘቡ ያለ ትርፍ የሚካፈልበት መንገድ እንደሌለ ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር «ብቸኛ ቁጥር» እንለዋለን። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 ትናንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው።

ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ኤውክሊድ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ «ማለቂያ የላቸውም» ማለትና አንድን ትልቅ ቁጥር ነጥሎ «ይህ ብቸኛ ነው» ማለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ለማለት ያ ቁጥር ራሱ መመርመር አለበት።

ሊቃውንቱ ምርመራቸውን በእጥፍ ጉዞ ላይ የመሠረቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ በፍጹም ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ ለምሳሌ 2⁹ − 1 = 511 = 7 × 73 ነው። አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም። 2¹¹ − 1 = 2,047 ብቸኛ ይመስላል፤ ነገር ግን የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

በዚህ ወጥመድ የተያዙ ጥቂቶች አይደሉም። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ አርቢው 17 እና 19 ሲሆን ብቸኛ ቁጥር እንደሚገኝ በትክክል አሳይቶ ሲያበቃ፣ ለ23፣ ለ29፣ ለ31 እና ለ37ም እንዲሁ እንደሚሆን ተናገረ። ከአራቱ እውነት ሆኖ የተገኘው የ31 ብቻ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር ውስጥም 31 ይገኛል። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች በእርሱ ስም «የመርሴን ቁጥሮች» ይባላሉ፤ ዝርዝሩ ግን ብቸኛ ያልሆኑትን የ67ን እና የ257ን ያካተተ፣ ብቸኛ የሆኑትን የ61ን፣ የ89ን እና የ107ን የዘለለ ነበር። ስለዚህ እስከ ኦይለር ድረስ የ31 ጉዳይ ግምት እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

ኦይለር ድካሙን እንዴት አቀለለው?

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከእርሱ በሚያንሱ ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈሉ መሞከር ነው። ሙከራው እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር ድረስ ብቻ መሄዱ ይበቃል፤ ምክንያቱም አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከዳግም ዘሩ ሊበልጡ አይችሉም። 46,340 በራሱ ሲባዛ ከ2,147,483,647 በጥቂቱ ያንሳል፤ 46,341 በራሱ ሲባዛ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ያሻል፤ ቁጥራቸውም ከ4,700 በላይ ነው። ይህን ሁሉ ማካፈል በእጅ መሥራት ለወራት የሚያደክም፣ ለስህተትም የሚያጋልጥ ነው።

ኦይለር በዚህ መንገድ አልሄደም። አስቀድሞ የጠየቀው «አካፋይ ቢኖር ኖሮ ምን ዓይነት ቁጥር መሆን ነበረበት?» ብሎ ነው።

ነገሩን በትንሽ ምሳሌ እንመልከት። 23 የ2¹¹ − 1 አካፋይ መሆኑን ከላይ አይተናል። ከ1 ተነሥተን በእጥፍ እየሄድን፣ ውጤቱ ከ23 በበለጠ ቁጥር 23ን እየቀነስን ቀሪውን ብቻ እንያዝ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ ከዚያም እንደገና 1። ጉዞው በ11 እርምጃ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። በሌላ በኩል ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ምዕት ዓመት ያገኘው ሕግ፣ ከ2 በሚበልጥ በማንኛውም ብቸኛ ቁጥር እንዲህ ስንጓዝ ከቁጥሩ አንድ በሚያንስ እርምጃ በእርግጥ 1 ላይ እንደምንገኝ ይነግረናል። ለ23 ይህ 22 እርምጃ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉት 22 የ11 ብዜት ስለሆነ ነው፤ ዙሩ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

ይህንኑ ወደ 31 እንውሰደው። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን የሚያካፍል ከሆነ የእጥፍ ጉዞው በ31 እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ባነሰ እርምጃ መመለስ አይችልም። እንግዲህ ከአካፋዩ አንድ ሲቀነስ የሚቀረው የ31 ብዜት መሆን አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ የሚቀረው የ2ም ብዜት ነው። ስለዚህ ማንኛውም አካፋይ የ62 ብዜት ሲደመር 1 መሆን ግድ ነው። ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የ2²³ − 1ን አካፋይ ያገኘው ይህንኑ በመሰለ አስተያየት ነበር፤ በዚያ አርቢ የመጀመሪያው ዕጩ 47 ሲሆን፣ 47ም በእርግጥ ያካፍለዋል።

ሁለተኛ ወንፊትም አለ። የእንዲህ ያሉ ቁጥሮች አካፋይ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ መሆን አለበት። ሁለቱ ሕጎች ሲጣመሩ፣ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ይሆናል። ከ63 በላይ እስከ 46,340 ድረስ ይህን የሚያሟሉት ቁጥሮች 372 ብቻ ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ፣ እንደ 249 እና 497 ያሉት፣ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ። የሚቀሩት 311፣ 1,303፣ 1,489 እያሉ የሚቀጥሉት ከመቶ የሚያንሱ ዕጩዎች ናቸው። አንዳቸውም 2,147,483,647ን ያለ ቀሪ አያካፍሉትም። በዚህም ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ።

ኦይለር ይህን ውጤት በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ (ሴንት ፒተርስበርግ) ሆኖ ለቤርኑሊ በላከው ደብዳቤ ሲያስታውቅ ብርሃነ ዓይኑን ከሞላ ጎደል አጥቶ ነበር። ከ4,700 በላይ የሆነውን ድካም ወደ መቶ ያህል ያወረደው ፈጣን ስሌት አይደለም፤ ስለ አካፋዩ ጠባይ አስቀድሞ ማሰቡ ነው።

የባርሎ ስህተት

ባርሎ ስለ ፍጹም ቁጥር መናገሩን ጠቅሰናል። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 = 1 + 2 + 3፣ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14 እንደሚሆኑት ማለት ነው። ኤውክሊድ እንዳሳየው እያንዳንዱ ብቸኛ የመርሴን ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ያስገኛል። ከ2³¹ − 1 የሚገኘው 2,305,843,008,139,952,128 ሲሆን 19 አሃዞች አሉት።

ባርሎ ከዚህ ወዲያ የሚሄድ አይኖርም ብሎ ሲጽፍ በዓይኑ ፊት የነበረው በማካፈል የመሞከር ድካም ይመስላል። እንደዚያ ከታየ ግምቱ ምክንያታዊ ነው። 2¹²⁷ − 1ን በኦይለር ዘዴ ለመመርመር፣ ሁለቱም ወንፊቶች ከሠሩ በኋላ እንኳ፣ ከአሥር ሺህ ትሪሊዮን የሚበልጡ ዕጩዎች ይቀራሉ። አንድ ሰው በየደቂቃው አንዱን ቢሞክር ከ40 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ ግን እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ 39 አሃዙ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። የተጓዘበት መንገድ አካፋይ መፈለግን ጨርሶ የተወ ነበር። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 ባቃለለው መልክ ዘዴው እንዲህ ነው። በ4 ጀምር፤ ቁጥሩን በራሱ አባዛና 2 ቀንስ፤ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ያዝ፤ ይህን ከአርቢው በሁለት ያነሰ ጊዜ ድገም። ከ2 በሚበልጥ ብቸኛ አርቢ የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

አንባቢው በ127 ሊሞክረው ይችላል። አርቢው 7 ስለሆነ አምስት እርምጃ ይበቃል። ከ4 ተነሥተን 14፣ ከዚያ 67፣ ከዚያ 42፣ ከዚያ 111፣ በመጨረሻም 111 × 111 − 2 = 12,319 እናገኛለን። ይህም 97 × 127 ስለሆነ ቀሪው ዜሮ ነው። ለ2³¹ − 1 ሃያ ዘጠኝ፣ ለ2¹²⁷ − 1 አንድ መቶ ሃያ አምስት እርምጃ ብቻ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1883 ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ የኦርቶዶክስ ቄስ መርሴን የዘለለው 2⁶¹ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1952 ራፋኤል ሮቢንሰን የሉካስንና የሌመርን ዘዴ በኮምፒዩተር አስኬደው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ደግሞ በሉክ ዱራንት አማካይነት የተገኘው ብቸኛ ቁጥር አርቢው 136,279,841 ሲሆን፣ 41,024,320 አሃዞች አሉት። ለማረጋገጫው የዋለው ያው በ4 የሚጀምረው ዘዴ ነው። ባርሎ የሰውን ጉጉት አሳንሶ ገምቶታል፤ ከዚያም በላይ፣ የሚታየውን መንገድ ያለው መንገድ ሁሉ አድርጎ ወስዷል።

«የማይጠቅመው» ቁጥር ጥቅም

ቁጥሩ ጥቅም የለውም የተባለውስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ተገቢ ነው።

በመግቢያችን ያነሣነው የሰዓት ወሰን ከቁጥሩ ብቸኛነት ጋር ግንኙነት የለውም። የ32 ቢት ቆጣሪ አንዱን ቢት ለምልክት፣ 31ዱን ለመጠን ይጠቀማል፤ 31ዱም ቢቶች 1 ሲሆኑ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 2³¹ − 1 ነው። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው የደቡብ ኮሪያ ዘፈን የተመልካቾች ቁጥር ይህን ወሰን በማለፉ ምክንያት ቆጣሪውን በ64 ቢት መተካቱን አስታውቋል።

ብቸኛነቱ የሚያገለግለው በሌላ ሥራ ነው። በኮምፒዩተር የትራፊክን፣ የወረፋን ወይም የወረርሽኝን ሁኔታ አስመስለው የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያለ ሥርዓት የተወረወሩ የሚመስሉ ቁጥሮች ያስፈልጓቸዋል። በሰፊው ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ፣ ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ በ16,807 ማባዛትና ለ2,147,483,647 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። ከ1 ብንነሣ 16,807፣ 282,475,249፣ 1,622,650,073፣ 984,943,658 እያለ ይቀጥላል። ስቲቨን ፓርክ እና ኪት ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንን ዘዴ እንደ ዝቅተኛ መለኪያ አቅርበውታል።

አካፋዩ ብቸኛ መሆኑ ለምን አስፈለገ? በትንሹ ቁጥር በ7 እንየው። ከ1 ተነሥተን በ3 እያባዛን ለ7 ሲካፈል የሚቀረውን ብንይዝ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1 እናገኛለን። ከ1 እስከ 6 ያሉት ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ወጥተው ዙሩ ተዘጋ። ለማንኛውም ብቸኛ ቁጥር እንዲህ ያለ ምሉዕ ዙር የሚሰጥ አባዢ በእርግጥ ይገኛል። ለ2³¹ − 1 ትንሹ እንዲህ ያለ አባዢ 7 ሲሆን፣ 16,807ም 7⁵ ስለሆነና 5 የ2,147,483,646 አካፋይ ስላልሆነ ይህንኑ ጠባይ ይወርሳል። በመሆኑም ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉት ቁጥሮች አንዳቸውም ሳይደገሙ፣ አንዳቸውም ሳይቀሩ ይወጣሉ። በእርግጥ ቀጣዩ ቁጥር ከቀዳሚው በቀላሉ ስለሚሰላ ዘዴው ለምሥጢር ጥበቃ አይሆንም፤ በዘመናዊ ጥናትም ረዘም ያለ ዙር ያላቸው ሌሎች ዘዴዎች ይመረጣሉ። ያም ሆኖ ባርሎ ለጉጉት ብቻ የሚሆን ያለው ነገር ለብዙ ዓመታት የቤተ ሙከራ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ሊጻፍ የማይችለውን ማወቅ

2³¹ − 1 ብቸኛ ከሆነ፣ እርሱኑ አርቢ አድርገን 2ን ብናሳድግና 1 ብንቀንስ ብቸኛ ቁጥር እናገኝ ይሆን? ጥያቄው እንዲያው የመጣ አይደለም፤ 3 ብቸኛ ነው፣ 2³ − 1 = 7 ብቸኛ ነው፣ 2⁷ − 1 = 127 ብቸኛ ነው፣ 2¹²⁷ − 1ም ብቸኛ ነው። አዲሱ ቁጥር ግን ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። ጠቅላላውን ጽፎ ለመጨረስ አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ቢጽፍ፣ ሌትና ቀን ሳያርፍ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

መልሱ ግን ይታወቃል፤ ብቸኛ አይደለም። 295,257,526,626,031 ያካፍለዋል። ከዚህ አካፋይ ላይ 1 ቀንሰን ለአርቢው እጥፍ፣ ማለትም ለ4,294,967,294 ብናካፍል፣ ያለ ቀሪ 68,745 እናገኛለን። ኦይለር 62ን ያገኘበት ሕግ ይኸው በዚህም ላይ ጸንቶ ይታያል። ቁጥሩን ሳንጽፈው፣ ሳናየውም፣ አካፋዩ ምን መምሰል እንዳለበት ስላወቅን ጠባዩን ለማወቅ ቻልን።

የጥምቀቱን ማለዳ በሚመለከት፣ ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ጊዜን በ64 ቢት ወደ መቁጠር ተሸጋግረዋል። የአዲሱ ቆጣሪ ወሰን 2⁶³ − 1 ሲሆን፣ በሰከንድ ቢቆጠር ከ290 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስኬዳል። ይህኛው ቁጥር ብቸኛ አይደለም፤ 63 የ3 ብዜት ስለሆነ 2³ − 1፣ ማለትም 7፣ ያካፍለዋል። ሥጋቱ ያለው አንድ ጊዜ ተሠርተው በተረሱ አሮጌ መቆጣጠሪያዎችና ፕሮግራሞች ላይ ነው። እነርሱን ፈልጎ የማስተካከሉ ተግባር የመሐንዲሶች ሲሆን፣ ቀነ ገደቡም ከወዲሁ እስከ ሰከንዱ ይታወቃል።

ቆጣሪዎቹ ሁሉ ሲለወጡ 2,147,483,647 የማሽን ወሰን መሆኑ ያበቃል። ኦይለር ያረጋገጠው ግን አይለወጥም። እነዚያን 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ለሁለት ሰዎችም ሆነ ለሁለት ሚሊዮን ሰዎች ለማካፈል የሚሞክር ሁሉ፣ ዛሬም ሆነ ወደፊት፣ በእጁ ላይ የምትተርፍ ሳንቲም ማግኘቱ አይቀርም።